የሉፐስ ሕሙማን የደም ምርመራ እንዲቀነስ ስለተላለፈው ውሳኔ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ለክሊኒካል አገልግሎት ዳይሬክተር
ለላቦራቶሪ አገልግሎት ኃላፊ
ለመድኃኒትና የሕክምና ግብዓቶች ግዥ ክፍል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በሆስፒታሉ የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ክትትል ክሊኒክ የምንሠራ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች ነን። በውስጥ ያቀረብናቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ጉዳዩን በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

ነገሩ የሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ወጪን ለመቆጠብ ተብሎ ከወጣው የውስጥ መመሪያ ይጀምራል። በመመሪያው መሠረት የሲቢሲ፣ ማለትም የጠቅላላ የደም ሴል ቆጠራ፣ ውጤት ሲመለስ የሚጻፈው ጠቅላላ የነጭ ደም ሴል፣ ሄሞግሎቢንና ፕላትሌት ብቻ ሆኗል። የደም ስሚር፣ ማለትም ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ፣ በሐኪም ልዩ ጥያቄ ካልሆነ አይሠራም። በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖችን የሚለካው የኮምፕሊመንት ምርመራ፣ ማለትም ሲ3ና ሲ4፣ ከዝርዝሩ ወጥቶ ሕሙማኑ ወደ ውጭ ይላካሉ። የሲዲ4 (የአንድ ዓይነት ቲ-ሴል) መቁጠሪያው ለኤችአይቪ ክሊኒክ ብቻ ተወስኗል። የክትትል ሕሙማን ደም የሚቀዳበት ሰዓትም የጠዋቱን ወረፋ ለማቃለል ተብሎ ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛውሯል። እነዚህ ለውጦች ለሌላ ሕመም ክትትል ብዙም ላይጎዱ ይችላሉ። ለሉፐስ ግን በቀጥታ ሕክምናውን ያበላሻሉ፤ ምክንያቱን እናስረዳለን።

ሉፐስ የቆዳ ወይም የኩላሊት ብቻ ሕመም አይደለም። ሥሩ የሰውነት መከላከያ ሴሎች መዛባት ነው። በየዕለቱ የሚሞቱ ሴሎች ፍርስራሽ ማክሮፋጅ በተባሉ ጠራጊ ሴሎችና እንደ ሲ1ኪው ባሉ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች አማካይነት ወዲያው መጠረግ ሲገባው ይዘገያል። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎችም የውስጥ ዲኤንኤያቸውን እንደ መረብ ወደ ውጭ እየዘረጉ ይሞታሉ። ያልተጠረገው ዲኤንኤና አርኤንኤ በፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ ሴሎች ውስጥ የሚገኙትን ቲኤልአር7ና ቲኤልአር9 የተባሉ ተቀባዮች ይቀሰቅስና ሴሎቹ አልፋ ኢንተርፌሮን የተባለውን የቫይረስ መከላከያ ፕሮቲን በብዛት ያመነጫሉ። ሰውነት ቫይረስ የገባበት ያህል ይነሣል። የቢ-ሴሎች ልጓም ይላላል፤ ወደ ፕላዝማ ሴል እየተለወጡ የራስን ኒውክለስ የሚያጠቃ አንቲቦዲ ያወጣሉ። ቲ-ሴሎች ኢንተርሊውኪን-2 የተባለውን የመልእክት ፕሮቲን የማምረት አቅማቸው ይቀንሳል፤ ሲዲ4ም ሲዲ8ም የሌላቸው ቲ-ሴሎች ይበዛሉ። ሊምፎሳይቶቹ (ቢ-ሴሎቹና ቲ-ሴሎቹ) ራሳቸው አንቲቦዲ ይለጠፍባቸዋል፣ ከወትሮው በላይ ይሞታሉ፣ በደም ውስጥም ቁጥራቸው ይመናመናል። ስለዚህ አንድ የሉፐስ ሕመምተኛ ፊታችን ሲቀርብ የትኛው ሴል ጎደለ፣ የትኛውስ በዛ የሚለው ጥያቄ ለምርምር የሚቀር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የዛሬው የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው።

አንደኛው ቅሬታችን በሲቢሲው ላይ ነው። «ነጭ የደም ሴል 3,100» የሚል ወረቀት ብቻውን አያሠራንም። በአንድ ቀን ይህንኑ ቁጥር ይዘው የመጡ ሁለት ሕሙማን ነበሩ። ዝርዝሩን ከማሽኑ ስክሪን ላይ በእጃችን ገልብጠን ስናየው የመጀመሪያዋ ግራኑሎሳይት (በአብዛኛው ኒውትሮፊል) 1,300፣ ሊምፎሳይት 1,500፣ የቀሩት 300 ነበሩ። የሁለተኛዋ ደግሞ ግራኑሎሳይት 2,500፣ ሊምፎሳይት 350፣ የቀሩት 250። የመጀመሪያዋ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት የተሠሩ አሮጌ ውጤቶቿም ተመሳሳይ ነበሩ። በአፍሪካውያን፣ በእኛም አገር ሰዎች ዘንድ፣ ከሕመም ጋር ያልተያያዘ በዘር የሚወረስ ዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር የተለመደ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ከ1,500 በታች የሚገኝ ሰው ብርቅ አይደለም። ለእሷ ምንም መለወጥ አያስፈልግም ነበር። ሆኖም ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሌላ ክፍል «መድኃኒቱ መቅኔዋን እየጎዳ ነው» ብሎ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን አዛታዮፕሪኗን አቋርጦባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሽንቷ ፕሮቲን መታየት ጀመረ። ሁለተኛዋ ግን በእርግጥ የሊምፎሳይት እጥረት ያለባት ናት። ለእሷ ሕመሙ እያገረሸ መሆን አለመሆኑን፣ የፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) መጠኗን፣ ቲቢንና ኤችአይቪን፣ ለኒሞሲስቲስ የሳንባ ምች ያላትን ተጋላጭነት ማየት ግድ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት የሉፐስ መለያ መስፈርት ከ4,000 በታች ለሆነ ነጭ የደም ሴል 3 ነጥብ ይሰጣል። ያው መስፈርት ግን ከሉፐስ የተሻለ ሌላ ምክንያት ካለ ነጥቡ አይቆጠርም ይላል። ዲፈረንሻል (የነጭ ሴሎች ዓይነት በዓይነት ክፍፍል) በሌለበት ይህን ሌላ ምክንያት ማየት አይቻልም፤ ሉፐስ የሌለባትን ሴት ሉፐስ አለባት ልንል እንችላለን።

ስለ ወጪው ደግሞ፦ ያለን ማሽን ነጭ ሴሎችን በሦስት የሚከፍል ነው። ጠቅላላውን ሲቆጥር ክፍፍሉንም በዚያው ሪኤጀንት አብሮ ይሠራል። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ወደ ወረቀቱ አለመሻገሩ አንድ ብር እንኳ አያተርፍም። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የማሽኑ ድክመት ነው። ጥገኛ ትል ሲኖር የሚበዛውን ነጭ ሴል፣ ኢኦሲኖፊልን፣ ለብቻው አይለይም። የአንጀት ጥገኛ ትል በበዛበት አገር ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ልንጀምርላት ያሰብናት ሕመምተኛ ኢኦሲኖፊሏ ከፍ ብሎ ሳናየው ቢቀር፣ በውስጧ የተደበቀ ስትሮንጊሎይድስ የተባለ ትል ካለ ስቴሮይዱ ትሉን በመላ ሰውነቷ ሊያሰራጨው ይችላል። ይህን የሚያሳየን አንድ ስላይድ ነው።

ሁለተኛው የስሚሩ ጉዳይ ነው። ፕላትሌት ከ100,000 በታች ሆኖ ሲገኝ ሉፐስ እያገረሸ ነው ብለን ስቴሮይድ ለመጨመር እንገፋፋለን። ነገር ግን በሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ፕላትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ማሽኑም የተጣበቁትን አይቆጥራቸውም። ውጤቷ 42,000 ተብሎ የተመለሰ፣ ነገር ግን ድድዋ የማይደማ፣ ቆዳዋ ላይ ነጠብጣብ የሌለባት ሴት ፕሬድኒሶሎኗ በእጥፍ ሊጨመር ተጽፎ ነበር። ስላይዱ በእኛ ግፊት ሲሠራ በጠርዙ በኩል የተከመሩ የፕላትሌት ክምችቶች ታዩ። ደሟ በሰማያዊ ክዳን፣ በሲትሬት ቲዩብ እንደገና ተቀድቶ ውጤቱ በ1.1 ሲባዛ ቁጥሩ ጤነኛ ሆነ። ያለ ስላይዱ ለወራት የማያስፈልጋትን ስቴሮይድ ትወስድ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ፕላትሌትና ሄሞግሎቢን አብረው ሲወርዱ ስላይዱ ላይ የተሰባበሩ ቀይ ሴሎች ከታዩ ትናንሽ የደም ሥሮች እየተዘጉ ነው ማለት ነው፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ክብ ክብ ትናንሽ ቀይ ሴሎች ከታዩና በቀይ ሴል ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲን የሚያሳየው የኩምብስ ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ራስን በራስ የማጥቃት የደም መፍረስ ነው። ሁለቱ የተለያየ ሕክምና አላቸው። የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ይህን አይተው የሚያውቁ ናቸው። ስላይድ የመሥራት ሥልጣኑ ከእነሱ እጅ ወጥቶ «ሐኪሙ ካልጠየቀ» መባሉ፣ አስቀድሞ ማየት የሚችለውን ዓይን መሸፈን ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ይዋጣል። ከተዋጠ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊምፎሳይቶች ከደም ወደ መቅኔና ወደ ሌሎች የሊምፍ አካላት ይሸሻሉ፤ ኒውትሮፊሎች ደግሞ ከደም ሥር ግድግዳ እየተላቀቁ ይበዛሉ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክኒኗን ውጣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደም የምትሰጥ ሴት ሊምፎሳይቷ የሚለካው በጣም ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። ባለፈው ጊዜ ጠዋት ሳትውጥ ሰጥታ፣ አሁን ከሰዓት ውጣ ከሰጠች ሁለቱን ውጤት ማነጻጸር አይቻልም። እኛ ግን ከዚሁ ንጽጽር «ሕመሙ ተባብሷል» ብለን መድኃኒት እንጨምራለን። ሕሙማኑ ክኒናቸውን ሳይውጡ እስከ ከሰዓት ይቆዩ የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው የሰውነቱን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመነጨው አድሬናል ዕጢው ስለሚተኛ ክኒኑን ማዘግየት አንቀበለውም።

አራተኛ፣ የሲዲ4 መቁጠሪያው። መሣሪያው ለኤችአይቪ መርሐ ግብር የገባ መሆኑን እናውቃለን፤ ኤችአይቪ በምርመራ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሲዲ4 ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምር ከተደረገና ክትትሉ በቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ባለው የቫይረስ መጠን) ከሆነ ወዲህ ግን ብዙውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ያለን መሣሪያ ባለ አራት ቀለም ስለሆነ፣ ከሲዲ3፣ ሲዲ4ና ሲዲ8 ጋር ሲዲ19ን፣ ማለትም ቢ-ሴልን፣ መቁጠር ይችላል። የሚጎድለው የሲዲ19 ሪኤጀንት ብቻ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቢ-ሴልን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ለተሰጣቸው ሕሙማን ነው። መድኃኒቱ 1 ግራም፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ደግሞ 1 ግራም በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን ዒላማው በቢ-ሴል ላይ ያለው ሲዲ20 ነው። መሥራቱን ለማወቅ ሲዲ20ን መቁጠር አይረዳም፤ መድኃኒቱ ራሱ ሲዲ20ን ስለሚሸፍነው ሴሉ እያለ የጠፋ ይመስላል። የሚቆጠረው ሲዲ19 ነው። ቢ-ሴሎቹ ሳይጠፉ ቀርተው ሕመሙ ካልበረደ መድኃኒቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠፍተው ሳለ ካልበረደ ግን ሁለተኛ ዙር መስጠት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። ብዙውን ጊዜ ቢ-ሴሎቹ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ መመለስ ይጀምራሉ፤ ቀጣዩን ዙር ለመወሰንም ይህ ይረዳል። ዛሬ ይህን ሁሉ በግምት እየሠራን ነው፣ ያውም በክሊኒኩ ውዱ መድኃኒት ላይ።

በሲዲ4 በኩል የደረሰብን ጉዳት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከመመሪያው በፊት በሌላ ክፍል ሲዲ4 ተሠርቶላት 180 የተገኘ የሉፐስ ሕመምተኛ፣ የኤችአይቪ ምርመራዋ ተደጋግሞ ኔጌቲቭ ሳለ፣ ቁጥሩ ከ200 በታች ነው ተብሎ ኮትሪሞክሳዞል የተባለ የሰልፋ መድኃኒት ተጀመረላት። በሉፐስ ሕሙማን ላይ የሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂንም ማገርሸትንም የማስነሣት ልማድ አላቸው፤ እሷም መላ አካሏ ሽፍ አለባት፣ ትኩሳቷ ተነሣ። ሉፐስ ራሱ ሲዲ4ን እንደሚያወርድ፣ ከዚያም በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ኤችአይቪ በሌለባቸው ጤነኛ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች የኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር ከኔዘርላንድ ሰዎች በግልጽ ዝቅ ብሎ መገኘቱን ውጤቱን የሚያነብ ሁሉ ማወቅ ነበረበት። በወረቀታችን ላይ የሚታተመው «ጤነኛ ወሰን» ግን እስከ ዛሬ ከመሣሪያው ጋር የመጣው ነው።

ሌላም እንጨምር። ዓርብ ከሰዓት የተቀዳ ናሙና እስከ ሰኞ ሲቆይ 48 ሰዓት ያልፈዋል፤ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ቁጥሩ አይታመንም። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። ለዚህ ቆጠራ ናሙናው የሚቀመጠው በክፍል ሙቀት ነው።

አምስተኛ፣ ሲ3ና ሲ4። አንቲቦዲና አንቲጂን ተጣብቀው በኩላሊት ውስጥ ሲከማቹ ኮምፕሊመንት ይበላል። ስለዚህ ሲ3ና ሲ4 አብረው ሲወርዱ፣ የዲኤንኤ አንቲቦዲው ደግሞ ሲወጣ፣ አንዳንዴ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከመታየቱ በፊት ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። የሚጠቅመን የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የቁጥሩ አካሄድ ነው፤ ሲ4ን በዘር ዝቅ ያለ ይዘው የሚወለዱ ሰዎችም ስላሉ። አሁን ግን አንዷ ሕመምተኛ በዚህ ወር ከአንድ የግል ላቦራቶሪ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ዋጋ ከቀነሰ ሌላ ላቦራቶሪ ታመጣለች። አንዱ የዲኤንኤ አንቲቦዲን ኤላይዛ በተባለ ዘዴ ይሠራል፣ ሌላው ክሪቲዲያ በተባለ የተለየ ዘዴ፤ ውጤቶቹ አይወዳደሩም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይዘው የሚመጡት ደግሞ በውጭ ከኪሳቸው ስለሚከፍሉ አብዛኞቹ ጨርሶ አያሠሩትም። የኬሚስትሪ ማሽናችን ሲ3ና ሲ4 የሚሠራ ነው፤ ከመመሪያው በፊትም ይሠራ ነበር። የሪኤጀንቱ ችግር ተከፍቶ ሳያልቅ ቀኑ ማለፉ ከሆነ፣ ሴረሙ ተለይቶ በቅዝቃዜ እየተቀመጠ በሳምንት አንድ ቀን በጅምላ ቢሠራ ብክነቱ ይቀንሳል።

ስድስተኛው አጭር ነው፣ ግን ትዳር ያፈርሳል። የሉፐስ ቢ-ሴሎች ከሚያወጧቸው አንቲቦዲዎች አንዱ ካርዲዮሊፒን በተባለ ስብ ላይ ያነጣጠረ ነው፤ ቪዲአርኤል የተባለው የቂጥኝ ምርመራም የሚጠቀመው ካርዲዮሊፒንን ነው። ስለዚህ የሉፐስ ሕመምተኛ ቂጥኝ ሳይኖርባት ቪዲአርኤሏ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ክትትል ላይ ይህ ውጤት ለባል ጭምር ተነግሮ የተፈጠረውን ጠብ ያስታረቅነው እኛ ነን። ሉፐስ ያለባት ሴት ፖዘቲቭ ስትሆን ማንም ከመናገሩ በፊት ቲፒኤችኤ የተባለው የቂጥኝ ማረጋገጫ ምርመራ ይሠራ። ያ ፖዘቲቭ ውጤት ሌላ ትርጉምም አለው፤ ለደም መርጋትና ለፅንስ መጨንገፍ የሚዳርጉ አንቲቦዲዎች መኖራቸውን ሊጠቁም ይችላልና ችላ ሊባል አይገባም።

የመጨረሻው ከፋርማሲው ጋር ይያያዛል። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ከላይ ያልናቸውን ቲኤልአር7ና 9 የሚያቀዘቅዝ፣ ኢንተርፌሮኑን ከምንጩ የሚቀንስ የሕክምናው መሠረት ነው። መድኃኒቱን በጥሩ ሁኔታ ላይ ያሉ ሕሙማን ሲያቋርጡት የማገርሸት አደጋው 2.5 እጥፍ እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የካናዳ ጥናት አሳይቷል። መጠኑ በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 300 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ክኒኑ ባለ 200 ስለሆነ አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት ትውጣለች። በወር 45 ክኒን ያስፈልጋታል። አዲሱ አሠራር ግን ለሁሉም 30 ክኒን ብቻ ይሰጣል። በ20ኛው ቀን ያልቅባታል። ከገጠር የምትመጣ ሴት ለ10 ቀን ጉድለት ተመልሳ አትመጣም፤ ጉድለቱ በየወሩ ይደገማል፣ እኛም ክሊኒክ ስትመጣ «መድኃኒቱን በትክክል ትወስጃለሽ?» እያልን እንወቅሳታለን።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የሲቢሲ ውጤት ከእንግዲህ የሊምፎሳይትንና የግራኑሎሳይትን ቁጥር በመቶኛ ሳይሆን በፍጹም ቁጥር ይዞ ይመለስ፤ ይህ ከነገ ጀምሮ ሊሆን የሚችል ነው። ፕላትሌት ከ100,000 በታች፣ ሊምፎሳይት ከ500 በታች ሲሆን ወይም ሄሞግሎቢን ካለፈው ውጤት በ2 ግራም ሲወርድ የላቦራቶሪ ባለሙያው ሳይጠየቅ ስላይድ ይሥራ። የማንኛዋም ሕመምተኛ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት የነበረው የደም ሴል ቁጥር በካርዷ ፊት ለፊት ይጻፍ፤ አዛታዮፕሪንና ተመሳሳይ ሥራ ያለው ማይኮፌኖሌት የሚቋረጡት ከዚያ ጋር ተነጻጽሮ ይሁን።

የሉፐስ ሕሙማን ደም ጠዋት፣ ክኒን ከመዋጡ በፊት ይቀዳ፤ ክኒኑን ይዘው መጥተው ደም እንደሰጡ እዚያው ይዋጡ። ለዚህ የክሊኒኩ ነርሶች በክሊኒኩ ቀን ራሳቸው ደም ለመቅዳት ዝግጁ ናቸው፤ የሚያስፈልገው ቲዩብና ፈቃድ ነው።

የሲዲ4 መሣሪያው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ጊዜ፣ ለሉፐስ ሕሙማን ይከፈት፤ የሲዲ19 ሪኤጀንትም በሚቀጥለው ግዥ ይካተት። ሪቱክሲማብ ከመሰጠቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ሁለት ምርመራዎች፣ ማለትም የገጽ አንቲጂኑና የኮር አንቲቦዲው፣ እንዲሁም የአይጂጂ (በደም ውስጥ ያለ ዋና አንቲቦዲ) መጠን ሳይሠራ ፋርማሲው መድኃኒቱን እንዳያወጣ ይታዘዝ። ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት አገር ቢ-ሴልን ማጥፋት የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል፤ ጉበትን ጨርሶ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ሲ3ና ሲ4 በሳምንት አንድ ጊዜ በጅምላ ይሠሩ። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን በሐኪሙ በታዘዘው የክኒን ብዛት ልክ፣ ለተረጋጉ ሕሙማን ለ3 ወር በአንድ ጊዜ ይሰጥ።

የትኛው ጥያቄ መቼ እንደሚፈጸም፣ የማይፈጸም ካለም በምን ምክንያት እንደሆነ፣ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በመመሪያው ማሻሻያ ላይ የምትወያዩ ከሆነ ከላቦራቶሪው አንድ፣ ከክሊኒኩ አንድ ባለሙያ ተገኝቶ የናሙና አያያዙንና የሪኤጀንቱን ስሌት በቦታው ለማስረዳት ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በሉፐስ ክትትል ክሊኒክ የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችና ነርሶች
የሄማቶሎጂና የኢሚዩኖሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች
የክሊኒኩ ፋርማሲስቶች

ግልባጭ፦ ለሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ
ለሉፐስ ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው